ሄጄ ስላልሄድኩበት የመርከብ ሽርሽር

ለተከበሩ የሽርሽር መርከቦች ድርጅት የመንገደኞች ምቾትና ደህንነት መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዕድሜዬን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናን፣ በተለይም ለጉልበትዎ ብርታትን አጥብቄ እመኛለሁ። ጉልበትዎን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። የመሥሪያ ቤትዎን ደረጃ ስወጣና ስወርድ ከርሜ፣ አሳንሰሩ ለሠራተኞች ብቻ የተፈቀደ መሆኑን በትሕትና ስለተነገረኝ፣ እርስዎ ያንን ደረጃ ሳያውቁት እንዲያረጁ ከልቤ ስለምመኝልዎ ነው።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስሰፋ የኖርኩ የሰባ አምስት ዓመት ሴት ነኝ። ባለቤቴን ቀብሬአለሁ፣ ሦስት ልጆቼን ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ፣ የልጅ ልጅም ታቅፌአለሁ። ይህን የምዘረዝረው ለጉራ አይደለም። መሥሪያ ቤትዎ ያለ አጃቢ መንቀሳቀስ የማትችል ሰው አድርጎ ስለመዘገበኝ፣ እስከ ዛሬ እንዴት ስንቀሳቀስ እንደኖርኩ ቢገርምዎ ብዬ ነው።

በቅድሚያ ስለ ውቡ መጽሔትዎ ላመስግንዎ። ለመጀመሪያ የመርከብ ሽርሽር ተመራጩ ዕድሜ ከሠላሳ አምስት እስከ አርባ አምስት መሆኑን በደማቅ ቀለም አስፍረውበታል። ይህን ቁም ነገር በጊዜው የነገረኝ ሰው አለመኖሩ እንዴት ያንገበግበኛል! በዚያ ዕድሜዬ ከስፌት መኪናዬ ፊት ነበርኩ። ሰው ለዕረፍት የሚወጣው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ ዩኒፎርም የሚሰፋውም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ደንበኞቼ ልጆቻቸውን ያስለኩኝና ወደ ባሕር ይሄዳሉ፣ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ጉንጫቸው ሞልቶ ይመለሳሉ፤ ልጆቹም በዕረፍቱ ስለሚመዘዙ በልካቸው የሰፋሁት ሱሪ ሁሉ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቀርና እግሩን ፈትቼ እንደገና አስረዝማለሁ። እንግዲህ እኔ ባሕርን የማውቀው ልጆችን በስንት ጣት እንደሚያስረዝም ነበር።

አምና የዓይን ሐኪሜ የዓይን ግፊት እንዳለብኝ፣ ብርሃኔ ከግራም ከቀኝም እየጠበበ እንደሚሄድ፣ የጠፋው ደግሞ ተመልሶ እንደማይመጣ ነገሩኝ። ጠብታ አዘዙልኝና፣ ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ አያሳድሩት አሉኝ። እኔም ቤቴን፣ ልጆቼን እላለሁ ስል፣ ሳላስበው ባሕር የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። አፍሬ ሳቅኩ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ ተመካክረው ቲኬት ቆረጡልኝ። ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ባለ ደስታ መሆኑን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ቅሬታዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ዕድሜው ከሰባ ያለፈ የመጀመሪያ ጊዜ ተጓዥ ሁሉ ከሃምሳ ዓመት በታች በሆነ የቅርብ ዘመድ መታጀብ አለበት የሚለውን ጥበብ የተሞላበት መመሪያዎን ይመለከታል። ትልቋ ልጄ ነርስ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ በሽተኛ ስታነሳና ስታስተኛ ኖራለች። እሷ ትሂድ ብንል፣ የመዝገብ መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ሠራተኛዎ የልደት ዘመኗን አይቶ፣ ሃምሳን በሁለት ዓመት ስላለፈች እናቷን ለመጠበቅ ዕድሜዋ እንደማይፈቅድ አስረዳን። ትንሿ ልጄ አራስ ነበረች። የቀረው ወንዱ ልጄ ነው። ልጄ ወርቅ የሆነ ሰው ነው፣ ማንም አይነካብኝ፤ ነገር ግን አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ከተቀመጠ የሚያጥወለውለው፣ ሰው ዥዋዥዌ ሲጫወት እያየ ዓይኑን የሚጨፍን ፍጡር ነው። ይህንንም ተናገርን። ወጣትዎ ግን አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሙሉ ብቁ ነው ብሎ ማኅተሙን ረገጠበት።

ሁለተኛ፣ ስለ አምባሩ። ወደ መርከቡ ስንገባ ለእኔና ለልጄ ግራጫ አምባር በእጃችን አንጓ ላይ ታሰረልን። ሁለቱ አምባሮች አንድ ላይ ካልቀረቡ በስተቀር ወደ ላይኛው ሰገነት የሚያወጣውም ሆነ ወደ ወደብ የሚያወርደው በር እንደማይከፈት ተገለጸልን፤ ስለ ደህንነቴ ይህን ያህል መጨነቅዎን ሳስብ እንባዬ ይመጣል። ችግሩ፣ ገና የመርከቡ ሞተር ሲነሳ አጃቢዬ አልጋው ላይ ተደፋ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ያየሁት ባልዲ ሲፈልግ ብቻ ነው። ግንባሩን በእርጥብ ፎጣ ስጠርግለት፣ እማዬ አንቺ ሂጂ፣ ባሕርሽን እዪ ይለኛል። እንዴት ልሂድ? በሩን የሚከፍተው እጅ ከባልዲው ጋር ተቃቅፏል። በክፍላችን አንዲት ክብ መስኮት ነበረች፤ ከመስኮቷ ፊት ለፊት ግን የነፍስ አድን ጀልባ ተሰቅሎ ስለነበር፣ በጉዞው ሁሉ ያጠናሁት የዚያን ጀልባ ብርቱካናማ ሆድ ነው። ቀለሙ አንድ ቦታ ላይ ተላጧል፤ ሰው ልከው እንዲያስቀቡት በአክብሮት እጠቁማለሁ።

አንድ ቀን መላ ዘየድኩ። ከክሊኒኩ ተሽከርካሪ ወንበር ለምኜ፣ ልጄን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ እየገፋሁ ወደ ሰገነቱ በር ወሰድኩት። በኮሪደሩ ያገኘን መንገደኛ ሁሉ እናት ማለት እንዲህ ናት እያለ ያደንቀኝ ነበር፤ የምጠበቀው እኔ መሆኔን ማን ይገምታል! አምባሮቻችን ተጠጉ፣ በሩ ተከፈተ፣ ንፋሱ ፊቴን መታኝ። ልጄም ወዲያው በሩን በሚጠብቀው ሠራተኛዎ ጫማ ላይ አስመለሰ። ለሁለታችንም ጤና ሲባል ተመለሱ ተባልን።

ሦስተኛ፣ በመመገቢያው አዳራሽ አረጋውያን የሚቀመጡት ከመስኮት ርቆ በግድግዳው በኩል ነው። ማዕበሉ እንዳያስደነግጠን ነው አሉ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ልብሱ ያልደረሰላቸውን ወላጆች ስቀበል የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ማዕበል ምን ያደርገኛል?

አራተኛው ስለ ሾርባው ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ትቼዋለሁ።

አምስተኛ፣ አንጀቴን ያሳረረኝ ይህ ነው። መርከቡ ከአንድ ወደብ ሲቆም ልጄ ፈሳሽ ከሰውነቱ አልቆ ስለነበር በቃሬዛ ወደ ከተማው ክሊኒክ ተወሰደ። ግሉኮስ ሊሰኩለት ሲሉ አምባሩ መንገድ ስለዘጋባቸው እዚያው በሩ አጠገብ በመቀስ ቆረጡትና ልጄን ይዘው ወረዱ። እኔ ተከትዬ ልወርድ ስል በሩ ጮኸብኝ። ልጄ ታሞ እየሄደ ነው ብዬ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩም፤ አልደብቅዎትም። ሠራተኛዎ ግን አጃቢ የሌለው መንገደኛ መውረድ እንደማይችል፣ አጃቢዬ አሁን ለጊዜው የለም ተብሎ እንደሚቆጠር በፈገግታ ደጋግሞ ነገረኝ። አጃቢዬ ቃሬዛ ላይ ሆኖ እጁን ሲያወዛውዝልኝ በበሩ ክፍተት አየሁት። እስኪመለስ ድረስ በዚያ ኮሪደር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት፤ ወንበር ያቀረበልኝ አልነበረም።

ስድስተኛ፣ ሲመሽ ልጄ ነፍስ ዘርቶ በአዲስ አምባር ተመለሰ፣ በመጨረሻው ቀንም ከካፒቴኑ እጅ ምስጉን አጃቢ የሚል የምስክር ወረቀት ተቀበለ። ሲቀበል እንዳይወድቅ ክንዱን የደገፍኩት እኔ ነኝ፤ ፎቶግራፉ ላይ ግን እጄ ብቻ ነው የወጣው።

እስከዚህ ያለውን ሁሉ ዕድሌ ነው ብዬ ልዋጠው ነበር። ባለፈው ወር ግን ትልቋ ልጄ፣ እናቴ አሁን የመጀመሪያ ጉዞዋን ጨርሳለች፣ ስለዚህ ያለ አጃቢ መሄድ ትችላለች ብላ ልታስመዘግበኝ ሄደች። እኔም አብሬ ደረጃውን ወጣሁ። ያው ወጣት ኮምፒውተሩን አየና፣ እኔ በጉዞው መሀል በየትኛውም ወደብ እግሬ ስላልረገጠ በመዝገባችሁ ተጓዥ ተብዬ እንዳልተቆጠርኩ ነገረን። ስለዚህ አሁንም የመጀመሪያ ጊዜ ተጓዥ ነኝ። እሺ፣ እንደ መጀመሪያ ጊዜ ተጓዥ መዝግበኝ ስለው ደግሞ፣ ከጉዞው ወዲህ ሰባ አምስት ስለሞላኝ፣ ሰባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደማይሳፈር ዓይኑን በጨው ታጥቦ አስረዳኝ። እንግዲህ በእናንተ አቆጣጠር ለመጀመሪያው ጉዞ አርጅቻለሁ፣ ለሁለተኛው ደግሞ ገና አልጀመርኩም። ልጄ ግን በቃሬዛ ወደብ ስለረገጠ፣ ይቅርታ፣ ስለተሸከሙት፣ የተከበረ ነባር ደንበኛ ተብሏል፤ በየበዓሉ ቀጣዩ ጉዞዎ መቼ ነው የሚል መልእክት በስልኩ ይደርሰዋል። መልእክቱ በመጣ ቁጥር ፊቱ አመድ ይመስላል።

ለዚህ ሁሉ ዕድሜ ይስጥልኝ። ዕድሜ ስል በእናንተ ቤት ምን ያህል እንደሚከበር አይቻለሁና፣ ምርቃቴን በመልካም እንዲተረጉሙልኝ አደራ እላለሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ስለ ምቾት አልጠይቅም፣ ሾርባችሁንም አልፈልግም። ወደ መርከቡ ከመግባታችን በፊት፣ አምባሩ ሳይታሰርልኝ፣ ከወደቡ ድንጋይ ላይ ሆኜ ባሕሩን ለጥቂት ጊዜ አይቼው ነበር። አንድ ቀለም ይመስለኝ ነበር፤ አይደለም። ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ጨርቅ አይመስልም፤ እዚህ ጠቆር፣ እዚያ ፈካ፣ ራቅ ሲል ስሙን የማላውቀው ቀለም። ገና አይቼ ሳልጠግብ ተሰለፉ ተባልን። እዚያ መሀሉ ላይ፣ ዙሪያው ሁሉ ባሕር ሆኖ ሲታይ ምን እንደሚመስል ማየት እፈልጋለሁ፤ ዙሪያውን ማየት የምችልበት ጊዜ ግን እያለቀብኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ከጎኔ የቆመችውን የልጅ ልጄን ሳላያት ቀርቼ በክርኔ መታኋት። ስለዚህ እባክዎ፣ ከነርሷ ልጄ ጋር፣ ወይም ብቻዬን፣ በላይኛው ሰገነት ላይ የምቆምበት አንድ ጉዞ ይፍቀዱልኝ። ፈርቼ ነው የምጽፍልዎ፤ ስድቡም ቀልዱም ከፍርሃት የመጣ ነው።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት ክቡርነትዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ በመሥሪያ ቤትዎ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ውኃ ስለበላቸው ብቻ መሆኑን እንዲረዱልኝ እለምናለሁ።

የመምሪያዎ በር ሳይከፈትላት ደጋግማ የምታንኳኳ፣ ለመታጀብ ያልደከመች፣ ለመሳፈር ያረጀች፣ በእናንተ መዝገብ ግን ከቤቷ ገና ያልወጣች፣ ታዛዥዎና አክባሪዎ፣

ጡረተኛዋ ዩኒፎርም ሰፊ

ማስታወሻ፦ መልስዎን በትልልቅ ፊደል እንዲያስጽፉልኝ እለምናለሁ። የሚዘገዩ ከሆነ ግን ለፊደሉ አይጨነቁ፤ ልጄ ያነብልኛል። ደብዳቤዎን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ ማኅተሙ ሳይቀር ቁጭ ብሎ ያነብልኛል፤ ባሕሩን ግን ማንም ሊያነብልኝ አይችልም።