ታራልድ ያን ቀን የቀባው ሰም

ውድ ታራልድ፣

«ያኔ ታራልድ ባይለቅለት ኖሮ፣ ሹርን የምታውቀው ላሙ ብቻ ነበረች።»

ይህን ያለችው ቦርግሂልድ ናት። ባለፈው ማክሰኞ መንደርተኛው ሁሉ በነጻ የበረዶ ሸርተቴ ክለባችንን ቤት ለማሰናዳት ወጥቶ ነበር። እኔ ከመጋረጃው ኋላ አግዳሚ ወንበር ቀለም እቀባለሁ፤ እሷ ከወዲያ በኩል የዋፍል ሊጥ ትመታለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ቦርግሂልድን ታውቃታለህ፤ ሠላሳ ዓመት የሸለቆውን ፖስታ ስታድል አንድ ደብዳቤ እንኳ ለተሳሳተ ሰው አልሰጠችም። እንዲህ ያለች ሴት ከተናገረች ማስረጃ ይዛለች ብዬ አመንኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስረጃውን ስፈልግ ሰነበትኩ።

ነገሩ ቀልድ ያልሆነው ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ክለቡ የውድድር መንገዳችንን የመጨረሻ ዳገት በስሜ ሊሰይም ነው። «የሹር ዳገት» የሚል ሰሌዳ ተቀርጾ አልቋል። ንግግር አድርግ ተብያለሁ። ስለ ምን እናገራለሁ? ብሔራዊ ቡድን የገባሁት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንተን በጫማ ጫፍ ቀድሜ ነው። የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ከሁለታችን የቀደመው ይወስደዋል ተብሎ ነበር። እኔ ወሰድኩ። ዘጠኝ ክረምት በስፕሪንት፣ በአጭሩ የበረዶ ሩጫ፣ ዓለምን ዞርኩ። በዚህ ሙያ ሰው ለሦስት ደቂቃ ተኩል ሩጫ ዓመቱን ሙሉ ይለፋል፤ ሠላሳ ሰው ብቻ በሚያልፍበት ማጣሪያ ሠላሳ አንደኛ ከወጣ ደግሞ ለተመልካቹ የሚጋገረው ዋፍል ሳይበስል ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ብዙ ዋፍል ሳይበስል ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜ ሦስተኛ ወጥቻለሁ። ያለኝ ይኸው ነው። የዚህ ሁሉ መሠረት ያንተ ስጦታ ከሆነ ሰሌዳው ላይ የተቀረጸው ስም ተሳስቷል።

አንተ በዚያው ጸደይ ሳልሞን ዓሣ ልታረባ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሴንያ ደሴት ሄድክ። በየዓመቱ አንድ ካርድ ትልካለህ። መጀመሪያ «መልካም ገና ለአንተና ለቤተሰብህ፣ ታራልድ» ይል ነበር። ከዚያ «መልካም ገና፣ ታራልድ» ሆነ። ባለፈው ዓመት «ገና። ታራልድ» ብቻ ደረሰኝ። ይህንንም በጥርጣሬ መዝግቤዋለሁ።

አሁን ማስረጃዎቼን ስማ።

አንደኛው ሰሙ ነው። አንተ በአባትህ እንጨት መሰንጠቂያ ግንድ ስትሸከም ያደግክ ሰው ነህ፤ ክንድህ የሌላ ሰው ጭን ያህላል። በየውድድሩ ከስኪህ፣ ከመንሸራተቻ ሳንቃህ፣ ሥር የመያዣ ሰም ሳትቀባ፣ ዳገቱንም ሜዳውንም በሁለቱ ዱላ ብቻ እየገፋህ ነበር የምትጨርሰው። «የመያዣ ሰም ለጡረተኞችና ለስዊድኖች ነው» ያልከው አንተ ነህ። ያን ቀን ግን ቀባህ። ሰሙ ዳገት ላይ ስኪው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ይይዛል፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ይጎትታል። የመጨረሻው ሁለት መቶ ሜትር ጠፍጣፋ ሜዳ ነው! ማሸነፍ የፈለገ ሰው እግሩ ላይ ድንጋይ ያስራል?

ሁለተኛው፣ በዋዜማው እኛ ቤት ራት በልተህ የመጨረሻዋን የቡናማ አይብ ቁራሽ ለእኔ ተውክልኝ። አንተ! ከእናትህ ሳህን ላይ እንኳ አንስተህ የምትበላው ሰው!

ሦስተኛው፣ መስመሩን እንዳለፍን መጥተህ አቀፍከኝ፤ ሳቅህም። የተሸነፈ ሰው እንዲያ አይስቅም። እኔ ዘጠኝ ዓመት ስሸነፍ አንድም ቀን አልሳቅሁም።

መስመሩ ላይ፣ ማሸነፍ የፈለገ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ እግርህን ወደ ፊት ወርውረህ እንደሆነ አላየሁም፤ እኔ የማየው መስመሩን ነበር። ተመልካቹም በጭጋጉ አላየም። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ልክ በዚያች ደቂቃ ወደ ቢያትሎን፣ በስኪ እየሮጡ ዒላማ ወደሚተኩሱበት ውድድር፣ ዞሯል። በዚህ አገር ቢያትሎን ካለ ሰው ቢወለድም ቢሞትም አይተላለፍም።

ስለዚህ ምስክር ፍለጋ ወጣሁ። እህትህን ራንዲን ነዳጅ ማደያው ባንኮኒ ላይ ቋሊማ ስትሸጥ አገኘኋት።

«ራንዲ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ታራልድ ያን ቀን ሆን ብሎ ነው?»

«ምኑን?»

«የተሸነፈው።»

«አሁን ጤነኛ ነህ? ወንድሜ በካርታ ጨዋታ ሲሸነፍ ካርታውን ምድጃ ውስጥ የሚከት ሰው ነው! ለአንተ ነው እንዴ የሚለቀው? ሰናፍጭ ላድርግበት?»

ወደ ሰናፍጩ የገባችበት ፍጥነት አላማረኝም።

ከዚያ ወደ ሽማግሌው አስላክ የሰም ጎጆ ሄድኩ። ያኔ የሁላችንንም ስኪ የሚቀቡት እሳቸው ነበሩ፤ ዛሬም በሰባ አንድ ዓመታቸው ይቀባሉ። በጋለ ብረት አንድ ስኪ እየተኮሱ ነበር።

«አስላክ፣ ያን ቀን ለታራልድ የመያዣ ሰም የመረጡለት እርስዎ ነዎት?»

«እሱ ነው።»

«ለምን?»

ስኪውን እስከ ጫፉ ተኩሰው ጨረሱ። ብረቱን አስቀመጡ። አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«ፈርቶ።»

«ታራልድ? ዳገት ፈርቶ?»

«ዳገቱን ምን ያስፈራዋል? አንተን ነው እንጂ። ‹ሹር ዳገቱ ላይ ጥሎኝ ከሄደ አልደርስበትም› አለ። ሦስት ጊዜ አስፍቆ ሦስት ጊዜ አስቀባኝ። በል አንተ ልጅ፣ በሩን ዝጋው፤ ሰሙን በብርድ አታበላሽብኝ።»

በሩን ዘጋሁ፤ ግን አላመንኳቸውም። ሰም ቀቢ መቼ እውነት ተናግሮ ያውቃል? አስላክ በየትኛው ጣሳ ውስጥ ምን እንዳለ አርባ ዓመት አብራቸው ለኖረች ሚስታቸው እንኳ አልነገሩም። ይልቁን ተማክራችሁበታል አልኩ። ሦስት ጊዜ ያስፋቅከው የትኛው ሰም ይበልጥ እንደሚጎትትህ ለመምረጥ ነው አልኩ። አንዴ መጠርጠር ከጀመርክ ሁሉም ነገር ይገጥማል፤ ደስ የሚለውም ይሄ ነው።

አዎ፣ ደስ ይላል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ሁለት ቀን ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን ወሬው ይጣፍጠኝ ጀመር። ሰጥተኸኝ ከሆነ እኮ አልወሰድኩብህም ማለት ነው። ወደ ሰሜን የሄድከው ወደህ ነው፤ ስኪህን የሰቀልከው መርጠህ ነው። እኔም አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ያልደወልኩልህ አፍሬ አይደለም ማለት ነው። አባትህ ሞተው ለቀብር የመጣህ ዕለት፣ ሰዉ ተሳልሞህ እስኪያልቅና እስክትሄድ ድረስ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የመኪናዬን መስታወት በረዶ ስጠርግ ቆየሁ። ሐምሌ ነበር፤ በረዶ የሚባል አልነበረም። አይተኸኝ እንደሆነ አላውቅም። አንተን አይቼ ምን ልበልህ? «ያንተን ቦታ ይዤ ሁለት ጊዜ ሦስተኛ ወጣሁ» ልበልህ?

እንግዲህ ንግግሬን ጽፌ ጨርሻለሁ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ያሸነፍኩት ጓደኛዬ ስለለቀቀልኝ ነው እላለሁ። ሰሌዳው ላይ ከእኔ ስም በላይ ያንተ ስም ይቀረጽ እላለሁ። ለባለቤቴ ሳነብላት አለቀሰች፤ እኔም አንድ ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ በእኛ ሸለቆ ይህ ለወንድ እንደ ማልቀስ ይቆጠራል። ና፣ ታራልድ። አልጋ አለ፤ አይብም አለ። መልስ አትጻፍልኝ፤ ከመጣህ አዎ ማለት ነው ብዬ እወስዳለሁ። ከአሁን በኋላ፣ መጣህም ቀረህም፣ እኔ እደውላለሁ።

ባለዕዳህና ወዳጅህ
ሹር

ሌላ፦ ፖስታውን ሳላሽግ ከውድድሩ ሰዓት ያዦች አንዷ የዚያን ቀን የመድረሻውን ፎቶ ከመዝገብ ቤት አውጥታ ላከችልኝ፤ የጠየቅኳት ቅዳሜ ግድግዳ ላይ እንድንሰቅለው ነበር። የጫማህ ጫፍ ከእኔ አራት ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ነው። እግርህ እስከሚደርስበት ድረስ ተዘርግቷል።