ታጋሽ አትበለኝ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም፤ የአፍህ ቅጂ እዚህ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ከጀሶ የተሠራ ነው፣ ላይኛውም ታችኛውም። ሥራ ስፈታ አነሳዋለሁ፣ አገላብጬ አየዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ሥራዬን ሰው ሲጠይቅህ «እህቴ ጥርስ ሐኪም ናት» ትል ነበር። አይደለሁም። የሰው አፍ ውስጥ የምታየው ሐኪሟ ናት፤ እኔ ጓሮ ባለችው ክፍል ተቀምጬ እሷ በወሰደችው የጥርስ ልክ ላይ ጀሶ አፈስሳለሁ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። ባለቤቶቹን አላያቸውም፤ ከልኩ ጋር የሚመጣልኝ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ያን ቀን አንዱን ጀሶ አላቅቄ ስገለብጠው አንተን አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ያወቅኩህ በፊት ጥርስህ ነው፣ ልጆች ሳለን የጠርሙስ ክዳን ልትከፍትልኝ ስትል ጫፏ በተሸረፈችው።

ሌሎቹ ግን ያንተ አይመስሉም ነበር። የመንጋጋ ጥርስ ጉብታና ጎድጓዳ አለው። ያንተ ብዙ ሰው እንደረገጠው ደረጃ ተበልቶ ለጥ ብሏል። ሐኪሟን ስጠይቃት «ተኝቶ ጥርሱን ያፋጫል» አለችኝ። «ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል፤ አፉም ከሁለት ጣት በላይ አይከፈትም። የሚያስጨንቅህ ነገር አለ ወይ ብዬ ስጠይቀው ‹ኧረ ተመስገን ነው› ብሎ ሳቀ።»

አዎ፣ ትስቃለህ። ማሽላ እያረረ ይስቃል የተባለው ላንተ ነው። በውኃ መሥሪያ ቤቱ የቅሬታ መስኮት ላይ ያስቀመጡህም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ሕዝቡ ቧንቧው ደረቀብኝ፣ ሂሳብ በዛብኝ እያለ ቀኑን ሙሉ ይጮህብሃል፤ አንተ «እናየዋለን» ትላለህ። ሥራ ጨርሰህ ቤት ስትገባ ደግሞ እማዬ ትጠብቅሃለች። ወገቧ ከተጎዳ ጀምሮ አንተ ጋ ነበረች፤ የእኔ ቤት ፎቅ ላይ ነው ተብሎ። ፈጠን ብለህ ስታነሳት «ቀስ በል፣ ልትሰብረኝ ነው?» ቀስ ስትል «ምን ይጎተታል ይሄ ልጅ!» ሾርባ ስታቀርብላት «ልጄ ብትሠራው ኖሮ ጨው ይኖረው ነበር» ትላለች። ልጄ የምትለው እኔን ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ብርቱካን ይዤ እመጣለሁ፤ «አንተ እኮ ታጋሽ ነህ፣ እኔ ብሆን አልችለውም» እልሃለሁ፤ እሄዳለሁ።

መከላከያ ሠራሁልህ። ስትተኛ በላይና በታች ጥርሶችህ መሃል የሚገባ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ሌላ ሰው ጋ ዓመታት ይቆያል። አንተ ብዙም ሳይቆይ በስተህ መለስከው። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ የባለሙያ ንዴት ነበር።

ሁለተኛውን ራሴ ይዤልህ መጣሁ። በሻይ ማንኪያ ሾርባ ስትጠጣ አገኘሁህ። ከስተሃል፣ ሸሚዝህ አንገትህ ላይ ሰፍቶሃል። ያኔ ፈራሁ። እማዬ «ዛሬ እሷ መጥታ ነው ቤቱ ቤት የመሰለው» አለች፤ አንተ ሳቅክ። ዕቃ ልናጥብ ወጥ ቤት ስንገባ ለቀልድ ያህል ጠየቅኩህ።

«ለመሆኑ ማን ላይ ነው እንዲህ ጥርስህን የነከስከው?»

ማንኪያውን አስቀመጥክ።

«አንቺ ላይ» አልክ።

እኔ ሳቅኩ። አንተ አልሳቅክም።

«ታጋሽ ነህ ትይኛለሽ! ታጋሽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? አንተው ተሸከመው ማለት ነው! ብርቱካንሽን ይዘሽ ትመጪያለሽ፣ ተመስግነሽ ትሄጃለሽ። እኔ አንድ ቀን ደከመኝ ብል ምን ልትሉኝ ነው? ሌላ ታጋሽ ልትፈልጉ ነው?»

ይህን ሁሉ ስትል እኔ ምን አየሁ መሰለህ? መንጋጋህን። ከሁለት ጣት በላይ አይከፈትም የተባለው አፍ ወለል ብሎ እስከ መጨረሻው ጥርስ ድረስ ይታየኛል። ሌላ ሴት ወንድሟ ሲጮህባት ታለቅሳለች፤ እኔ ሦስት ጣት ይሆናል፣ አይ አራት ነው እያልኩ በዓይኔ እለካ ነበር። ለቅሶው የመጣው በኋላ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

እማዬ ከሳሎን «ማነው የሚጮኸው?» አለች።

«እኔ ነኝ!»

«አንተማ አትጮህም።»

«እኔ ነኝ እኮ፣ እማዬ!»

ተአምር ሆነ አልልህም። ያለቀ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም። ሐኪሟም «ሲናደድ ጡንቻው ለቀቀው እንጂ አልዳነም፤ ቂሙን ይዞ ከተኛ ይመለስበታል» ነው ያለችኝ። ግን እንቅልፍህ እንደተስተካከለ፣ ራስ ምታቱ እንደቀለለህ፣ ሁለተኛው መከላከያ ጭረት ሳይነካው እንደከረመ ራስህ ነግረኸኛል። ከዚያ ዝውውር ጠየቅክ፤ ተፈቀደልህና ሌላ ከተማ ሄድክ። እማዬን ሁለት ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው ደረጃውን አወጡልኝ። ፎቁ ያን ያህል እንደማያስቸግር የታወቀው ያኔ ነው።

አሁን የእኔን ስማ። ጠዋት ስነሳ ጆሮ ግንዴን ያመኛል። ጆሮዬ ነው ብዬ ጠብታ አደረግኩበት። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ልገምጥ ስል መንጋጋዬ ቀጭ አለና እዚያው ቀረ፤ በእጄ ነው ያስተካከልኩት። ሐኪሟ አስቀምጣ ልክ ወሰደችልኝ፤ ጀሶውን ያፈሰስኩት ራሴው ነኝ። የክራንቻዎቼ ጫፍ የለም። ከአንተ ጎን አስቀመጥኩት። የአንድ እናት ልጆች መሆናችንን ለማወቅ ፊታችንን ማየት አያስፈልግም።

ሐኪሟ የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ ወይ ስትለኝ ምን ያልኩ ይመስልሃል? «ኧረ ተመስገን ነው።»

እማዬ አሁን የምታመሰግነው አንተን ነው። ሾርባ ማለት ያንተ ነበር፤ ስታነሳት ላባ ነበር የምትመስለው፤ እኔ ሳነሳት ግን ማዳበሪያ እንደተሸከመ ሰው አቃስታለሁ። አንተ እሁድ እሁድ ትደውላለህ፣ በመንገደኛ ብርቱካን ትልካለህ (ብርቱካን! ይሄንስ ሆን ብለህ ነው)። ባለፈው እሁድ ደግሞ ስልኩን ልትዘጋ ስትል «አንቺ እኮ ታጋሽ ነሽ» አልከኝ። ጥርሴ ግጥም ሲል ተሰማኝ።

ታጋሽ አትበለኝ። ደከመኝ። እማዬን እወዳታለሁ፣ ግን ደከመኝ። ይህን በስልክ ልነግርህ ሦስቴ ሞክሬ አልወጣ ስላለኝ ነው የጻፍኩት። የሆዴን በሆዴ ይዤ ብኖር ሆዴስ ይችለው ይሆናል፤ ጥርሴ ግን አልቻለውም። የምጠይቅህ መጥተህ እንድትወስዳት ነው። ስድስት ወር አንተ ጋ፣ ስድስት ወር እኔ ጋ ትሁን። እምቢ ካልክም በግልጽ እምቢ በለኝ፣ እጮህብሃለሁ፤ እየሳቅክ «እናየዋለን» እንዳትለኝ ብቻ።

እስከዚህ ያለውን ለእማዬ አነበብኩላት። አዎ፣ ሁሉንም። ትቀየመኛለች ብዬ ነበር፤ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ስትወለውል ቆየች።

«አጠገቤ ያለውን ምን ብዬ ላመስግነው? አለልኝ፣ አየዋለሁ» አለች። «የማመሰግነው የሄደው እንዲመለስ ነው።»

ሾርባዋን ሰጠኋት፣ ቀመሰችው።

«ጨው የለውም ብለሽ ጻፊለት» አለች። «ቶሎ ይምጣ።»

ጥርሷን ነክሳብህ ከመኖር መጻፍን የመረጠች፣
ታናሽ እህትህ