የጠረጴዛው ላይ ጣና

ዳኜ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበት ሰላም እንደሆነ ቄሱም እናትህም ነግረውኛል። ሰላም የጠፋው እዚህ ነው። ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሌላውን ጀምረናል። የሆዴን የምነግረው ሰው ባጣ ይህን ጻፍሁልህ፤ ሆዴ ውስጥ ያለው ደግሞ አብዛኛው ንዴት ነውና ቅር አይበልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ላውራህ። እዚህ ባሕር ዳር፣ ዘንዘልማ ከደጃችን የነበረው የጤፍ ማሳ ቤት በቤት ሆኗል። መንገዱ ይነጠፋል ተብሎ ድንጋዩ እንደተከመረ ቀረ። ሜሮን ልጃችን በቁመት በልጣኛለች፤ በነገርም። መብራቱ እንደምታውቀው ነው፤ ይሄዳል፣ ይመጣል።

አሁን ወደ ጨዋታህ ልምጣ። ሰው ሲሞት መሬት ወይም ክስ ትቶ ይሄዳል። አንተ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ሐይቅ ትተህብኝ ሄድህ።

ኮሌጁ ውስጥ ኮምፒውተር ስትጠግን ውለህ ማረፍ ሲገባህ፣ የጠረጴዛ መብራቱን ፈትተህ በእሱ አንገት ላይ ካሜራ አሰርህ። ጥቁርና ነጭ ምልክት አትመህ ከሳሙና ካርቶን በቆረጥኸው ላይ ለጠፍህ። እኔ የጥልፍ ናሙና መስሎኝ ነበር። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ግን በኮምፒውተሩ ስክሪን ውስጥ የእኛው ጠረጴዛ፣ የእኛው ብርጭቆ ይታያል፤ በካርቶኑ ላይ ደግሞ የደንገል ታንኳ ቆማ ትወዛወዛለች። አንዱ ካርቶን ጉማሬ፣ አንዱ ደሴት። ካርቶኑን ስንገፋው ታንኳዋ ትሄዳለች። ከጎርጎራ ማገዶ ጭኖ፣ ጉማሬው ሳይገለብጠው ባሕር ዳር የደረሰ ያሸንፋል። ሜሮን ስታያት በደስታ ጮኸች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለአንድ ሳምንት።

ከዚያማ በገዛ ቤቴ መጋረጃ መክፈት ተከለከልሁ፤ ፀሐይ ካርቶኑን ከመታው ካሜራው አያየውም አልህ። ጠረጴዛው ላይ መብላትም ቀረ፤ ወጥ ከነካው ታንኳዋ ትጠፋለች አልህ። ጠዋት ያወጣኸውን ሕግ ማታ ትሽራለህ። እኔ ካርቶን ስገፋ መዳፌ ምልክቱን ይሸፍነዋል፤ ያን ጊዜ "ኧረ እጅሽን አንሺ!" ትላለህ። መናገሩ ሲሰለችህ ድምፅህን ቀድተህ ከተትህበት። የታንኳዋ ምልክት በተሸፈነ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱ በአንተ ድምፅ፣ "ኧረ እጅሽን አንሺ! ታንኳዋ ሰመጠች!" ይለኝ ጀመር። ባሏ ሁለት ሆኖ የሚቆጣት ሴት ከእኔ ሌላ አላውቅም። አጥፋው ብልህ፣ "አንቺ እጅሽን ስታነሺ ይጠፋል" ብለህ ሳቅህ። ሳታጠፋው አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ደረቴን አልህ፤ ሆስፒታል ሳንደርስ አለፍህ።

ከቀብርህ በኋላ ሶኬቱን ነቀልሁት። ጠረጴዛውንም ላነሳ ስል ሜሮን፣ "አባዬ እንዳስቀመጠው ይቀመጥ!" ብላ ተንሰቀሰቀች። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሳህናችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን በላን።

ሙት ዓመትህ ደረሰ። እናትህ ከጎርጎራ መጡ። ጠረጴዛውን ከነዕቃው ወደ ጥግ ገፋነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። የአክስትህ ልጅ፣ ሲመጣ ስልኬ ይሞላል ብሎ፣ የኮምፒውተሩ ገመድ ያለበትን ዲቫይደር ሰክቶት ኖሯል። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ሰው ማዕድ ቀርቦ ሳለ መብራት መጣ። ኮምፒውተሩ ያለማንም ነኪ ተነሳ፣ ጨዋታውም ተከፈተ፤ እንዲህ እንዲሆን ያደረግኸው አንተ ነህ። ጥቂት ቆይቶ እናትህ ከወንበራቸው ሊነሱ ጠረጴዛውን ደገፍ ሲሉ፣ መዳፋቸው የታንኳዋ ካርቶን ላይ አረፈ።

"ኧረ እጅሽን አንሺ! ታንኳዋ ሰመጠች!"

ዳኜ፣ በቁምህም እንዲህ አላሳፈርኸኝም! ጉርሻ የያዘ ሁሉ በያዘው ቀረ። አንዷ ጎረቤት ሳህኗን ጥላ ወጣች። ዲያቆኑ አማተበ። ቄሱ፣ "ምንድን ነው ልጄ?" ሲሉኝ፣ "ጨዋታ ነው አባ" አልኋቸው። በሙት ዓመት ቀን ከዚህ የከፋ መልስ ይኖራል? እናትህ ግን አልጮኹም። እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱ። ስክሪኑን አዩ። መልሰው አስቀመጡት። ደግመህ ተቆጣህ።

"እሺ ልጄ፣ አነሳሁ" አሉ።

እንግዳው ሲሸኝ እናትህ አልሄዱም። ጠዋት ጸሎታቸውን አድርሰው ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣሉ። እጃቸውን ያስቀምጣሉ፤ ትቆጣለህ፤ "እሺ" ብለው ያነሳሉ። ድስት ስጥድ አንተ፣ ልብስ ሳሰጣ አንተ። ምልክቱ በእጃቸው ወዝ ተፋቀ፤ ካሜራው ካላየው መሸፈኑን አያውቅምና አንድ ቀን ዝም አልህ። እናትህ፣ "ምን በደልሁት?" ብለው እንባቸው መጣ።

ማን ያሳትመው እንግዲህ? እኔ። ሜሮን ከኮምፒውተርህ ፈልጋ ፍላሽ ላይ አደረገችልኝ። ማተሚያ ቤት ያለው ልጅ እንዲያምር ብሎ በሚያብለጨልጭ ወረቀት አተመው፤ ብርሃን ሲመታው ካሜራው አላየውም። ተመልሼ ሄድሁ። አሁን ደግሞ ነጩን ጠርዝ ቆርጦ ጥሎ ጥቁሩን ብቻ ሰጠኝ፤ ያም አልሠራ። በመጨረሻ፣ "ተራ ወረቀት፣ ነጩ ዙሪያ ሳይነካ!" ብዬ እንደ መምህር ጮኽሁበት። አንተ ስታወራ አልሰማህም እል የነበረውን ሁሉ ለካ ሰምቼው ኖሯል። ይህም አናደደኝ።

ሜሮን አዝናላቸው፣ ጎርጎራ ይዘውት እንዲሄዱ ድምፅህን ስልካቸው ላይ ጫነችላቸው። ሰሙትና ስልኩን መለሱላት።

"ይኼስ ዝም ብሎ ይናገራል እንጂ እጄን አያይም" አሉ።

ያን ዕለት በአንተ ተቃጠልሁ። ያ ቁጣ የእኔ ነበር፣ ዳኜ። "አንሺ" ያልኸው እኔን ነው። ስንት ዓመት አብረን ኖረን በድምፅ የተውህልኝ እሱን ብቻ፤ አንድ ደግ ቃል ቀድተህ ብታስቀምጥ ምን ነበረበት? እሱንም እናትህ ወሰዱት፤ ለእሳቸው የተናገርህ ይመስላቸዋል። አንድ ቀን እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ። እጃቸውን ሲያነሱ ፊታቸውን አየሁና ዘጋሁት።

በኋላ ያቺው ጠረጴዛውን አትንኩ ያለች ልጅህ፣ "እማዬ፣ ለአያቴ እንስጣቸው" አለችኝ። በጎንደር ዞረን ጎርጎራ ወሰድንላቸው፤ መንገዱን ሁሉ ስክሪኑን እንደ ሕፃን ታቅፌ። የእናትህ ቤት ጨለማ ነው። መስኮቱ ሥር ስናደርገው የሐይቁ ነፋስ ካርቶኑን አነሳው፤ በፕላስተር አጣበቅሁት። እጃቸውን አስቀመጡ፤ ዝም። ስፒከሩን አልሰካሁትም ኖሯል። ስሰካው ጮኽህ፣ ዶሮዎቹም በረገጉ። አንዲት አሮጊት ጎረቤት ከበሩ ላይ፣ "ልጅ ሆኖም ይኼው ነበር፤ ዕቃውን የነካበት ሰው ወየሁለት!" አሉና ሳቁ። እናትህም ሳቁ። ካለፍህ ወዲህ ጥርሳቸውን ያየሁት ያኔ ነው።

ልንመለስ ስንል እናትህ ጎረቤታቸውን ሊሸኙ፣ ሜሮንም ሻንጣ ይዛ ወጡ። ብቻዬን ቀረሁ። እጄን አስቀመጥሁ። ተቆጣኸኝ። አነሳሁና መልሼ አስቀመጥሁ። ተቆጣኸኝ። ሜሮን መኪናው ሊሄድ ነው ብላ እስክትጠራኝ ድረስ ስትቆጣኝ ቆየህ።

አሁን ጠረጴዛው ባዶ ነው። እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። ደግሞስ እፎይታውን የት ትሰጠኛለህ? ቅዳሜ ቅዳሜ እናትህ ይደውላሉ፤ "ልጄ፣ ዳኜ ዝም አለ"። ዶሮ ካሜራውን አጣሞታል፣ ወይ ወረቀቱ ተፋቋል። ካሜራውን እንዴት እንደሚያቀኑት በስልክ ስጮህ ጎረቤት ሁሉ ይሰማኛል። ዛሬም ደውለው ነበር፤ የዛሬው ወረቀቱ ነው። ሰኞ ማተሚያ ቤቱ ሲከፍት እሄዳለሁ፤ አሳትሜ በመኪና እልክላቸዋለሁ። ልረሳህ ብፈልግስ በየት በኩል? እኔ በሕይወት እስካለሁ እናትህ ወረቀት አያጡም፤ አንተም ዝም አትልም።

ባለቤትህ
ትርንጎ