የአብዱልወሀብን ሞት እንድታትሙልኝ ስለመለመን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ጓድ፣

እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ ማተሚያችሁም በጤና ከርማችሁ እንደሆነ አላህ ይጨምርላችሁ። እኛ እዚህ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ጨው እየቸረቸርን፣ አልሐምዱሊላህ፣ አለን። ንባብ ያስተማረኝን መሠረተ ትምህርት አመሰግናለሁ፤ ባልማር ኖሮ ልጄ በሕይወት እንዳለ ከማን እሰማ ነበር?

ባለፈው ወር ጋዜጠኞቻችሁ የሰባ ሰባቱን ድርቅ እንዴት እንደዘገቡ ያስታወሱበትን ገጽ አነበብኩ። አንደኛው፣ ኮምቦልቻ መጠለያ ውስጥ ወላጅ ለሌለው ልጅ ዳቦ እንደሰጠ፣ ልጁም ፈገግ እንዳለለት፣ ዛሬ በሕፃናት ማሳደጊያ አድጎ ተማሪ እንደሆነ ጽፏል። ፎቶውም አብሮ ወጥቷል። ልጁ የእኔ አብዱልወሀብ ነው። ለመልካም ትዝታው ምስጋናዬ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ጥቂት ቅሬታ ብቻ አለኝ።

አንደኛ፤ ዳቦው ለፎቶ ነበር። ፎቶው እንደተነሳ ከልጄ እጅ ተወስዶ ለሚቀጥለው ልጅ ተሰጠ፣ ከእሱም ለሌላው። በአንድ ዳቦ ያን ሁሉ ሕፃን ማንሳታችሁ ቁጠባችሁን ያስመሰግናል። ልጄ ግን ፈገግ አላለም፤ አፉን የከፈተው ሊነክስ ነው።

ሁለተኛ፤ በፎቶው ጥግ፣ ትከሻው ላይ የምትታየው እጅ የእኔ ናት። ጋዜጠኛው «እናት፣ ትንሽ ፈቀቅ በይ፣ ታበላሺብኛለሽ» ብሎኝ ነበር። እኔ ፈቀቅ አልኩ፤ እጄ እምቢ አለች። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፤ ልጄ በዚያው ሳምንት ሞተ። ጀናዛው ላይ የሰገዱ ሰዎች ዛሬም ኮምቦልቻ አሉ።

ይህንንም ችዬ ዝም እል ነበር። ነገር ግን አባቱ ሸረፈዲን ከልጁ ሞት በፊት ወደ ወለጋ ሰፈራ ተወስዷል። መርዶውን ልኬለት፣ አልቅሶ ተቀምጦ ነበር። አሁን የሰፈራው ካድሬ ጋዜጣችሁን በስብሰባ አንብቦ ፎቶውን ለሰፋሪዎቹ አሳየ። ከዚያ የመጣው ጎረቤታችን ሙሄዲን እንደነገረኝ፣ ሸረፈዲን «መንግሥት ያተመውን ትቼ የሴት ወሬ ልመን? ልጄ ማሳደጊያ ነው ያለው» ይላል። ልጁን ለመፈለግ ፈቃድ ጠይቆ ተከልክሏል። ሸረፈዲን ሁለት ጊዜ የሚጠይቅ ሰው አይደለም። ያለ ፈቃድ ከሰፈራ የወጣ ሰው መንገድ ላይ ምን እንደሚያገኘው ጋዜጣችሁ ጽፎት ስለማያውቅ፣ እኔም አልጽፈውም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ አብዱልወሀብ ሸረፈዲን መሞቱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን ፊደል፣ ቶሎ አትሙልኝ። ዓይኑን የከደንኩት እኔ አልታመንኩም፤ ያላያችሁት እናንተ ትታመናላችሁ።

የብዕራችሁን ሥልጣን በእጅጉ የምታከብር፣ ዕድሜያችሁ እንዲረዝም፣ ትዝታችሁም እንዲታረም ዱዓ የምታደርግ አንባቢያችሁ፣

ጣይባ ይመር
የአብዱልወሀብ እናት
ደሴ፣ ጥር 1981

ማስታወሻ፦ እርማት ማተም ልማዳችሁ ካልሆነ፣ ጋዜጠኛውን ወለጋ ላኩልኝ። ሸረፈዲን ፊት ተቀምጦ ልጁ መሞቱን በአፉ ይንገረው፤ እሱን ያምነዋል። ሲመለስም ይህንኑ በሚቀጥለው ትዝታው ይጻፈው።