የወይዘሮ እፀገነት መርሻና የኮሸሽላቸው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ እፀገነት መርሻ ከአባታቸው ከአቶ መርሻ ወልደገብርኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺዓለም አጥናፉ በ1920 ዓ.ም. እንጦጦ ተራራ ግርጌ ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከደብሩ የኔታ ተምረው፣ ፒያሳ በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጠሩ። እሳቸው የሰፉት ቁልፍ ኮቱ አልቆ እንኳ አይረግፍም ይባል ነበር። በ1943 ዓ.ም. ሰዓት ጠጋኙን አቶ አስገዶምን አግብተው፣ እሪ በከንቱ ሰፈር ጎጆ ቀልሰው ምብራትንና የማነን ወለዱ። ባለቤታቸው በ1965 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጆቹን በመርፌያቸው አሳደጉ።

የማነ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ በሚያዝያ 1970 ዓ.ም. ከገዛ ደጃፉ ላይ በአብዮት ጠባቂዎች ጥይት ተመታ። አስከሬኑ አልተሰጠም። ማልቀስ ተከለከለ፤ ዕድሩም ድንኳን እንዳይጥል፣ ጡሩምባ እንዳይነፋ ታዘዘ። እናት ልጇን እንዳታለቅስ መከልከል ምን ዓይነት ጉድ ነው?

ወይዘሮ እፀገነት መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው እንጦጦ ወጡ። የኮሸሽላ ሥር ቆፍረው አመጡና የልጃቸው ደም በፈሰሰበት ተከሉት። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስካለ፣ "ምነው እትዬ፣ ደህና አበባ ጠፍቶ ነው እሾህ የሚተክሉት?" ቢሏቸው፣ "ደህና አበባማ ይረገጣል። ልጄ አንዴ ተረግጧል፤ ይበቃዋል!" አሉ።

ኮሸሽላውም አላሳፈራቸውም። ከሰው ቁመት በልጦ፣ ድቡልቡል ቀይ አበባውን ከእሾሁ በላይ አወጣ። የቀበሌ ሰዎች ለአብዮት በዓል አጥር ኖራ ሲቀቡ፣ "ሰፈር ያበላሻል" እያሉ በየዓመቱ ቆረጡት። እሱ እቴ! ሥሩ መሬት ውስጥ እያለ ምን ገዶት፣ መልሶ ያቆጠቁጣል። ሰው ሲገድሉ ያልፈሩ ጎበዞች አንድ አበባ ሲፈሩ ማየት ያስቃል፤ ያንገበግባልም።

በልብ ሕመም አልጋ ከያዙ በኋላ፣ ወይዘሮ እፀገነት ምብራትን "ብቅ አለ?" እያሉ ይጠይቁ ነበር። ብቅ ብሎ፣ አብቦም አዩት። ጥር 18 ቀን 1983 ዓ.ም. ዐረፉ።

ትናንት ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ አንድ የቀበሌ ሰው መጥቶ "የማነን ዝለሉት" አለ። ይሉኝታ ቢስ! እስከ ዛሬ የዘለልነው አይበቃም? ዛሬ ጧት የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ አቶ ገብረክርስቶስ ሰፈሩን እየዞሩ የእናትንም የልጅንም ስም ጠርተዋል። ሳጥኑ ላይ ያረፈው ያ ኮሸሽላ ነው፤ ተሸካሚዎች፣ ቢወጋችሁም ቻሉት።

ወይዘሮ እፀገነት ልጃቸውን ምብራትንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከየማነ ነፍስ ጋር በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። የማነን ለማልቀስ ፈቃድ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ይኸው እናቱ ፈቅደዋል። እሪ በሉ!