ከበግ መሸለቻው ጋር ስለተያዘው ቁም ሳጥን

ለተሽከርካሪዎች ቁጥጥር ቢሮ ኃላፊ
ናንትዱ ሸለቆ፣ ዌልስ
ጁን 12 ቀን 2023

ጉዳዩ፦ ከሾፌርነት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነፃ መሆኔ ታውቆ የጭነት መኪናዬ እንድትለቀቅልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ኢቮር ፕሮበርት የምተዳደረው በግ በመሸለት ነው። የመሸለቻ ማሽኔን ጭኜ ከእርሻ እርሻ እዞራለሁ። ደንቡ፣ ዋና ሥራው መንዳት ያልሆነ ሰው የሚሠራበትን ዕቃ ይዞ ሲሄድ ማረጋገጫውን አይጠይቀውም። መንዳት ዋና ሥራዬ ላለመሆኑ የጎረቤቶቼ አጥሮች ምስክሮቼ ናቸው። ባለቤቴ ሜሬሪድ ደግሞ «አንተ ወደኋላ ስትመጣ በጎቹ እንኳ ገብቷቸው ዞር ይላሉ» ትላለች።

2. ባለፈው ሐሙስ የመንገድ ተቆጣጣሪዎ አስቆሙኝ። ከማሽኑ አጠገብ አንድ ግዙፍ ቁም ሳጥን ቆሟል። «ይኼስ ለሽለታ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። ዝም ብል ምን ነበረበት! «በጎቹ ካፖርታቸውን አውልቀው የሚሰቅሉበት ነዋ ጌታዬ!» አልኳቸው። ጌታዬ አልሳቁም። «የሰው ዕቃ እያመላለስክ ነው፤ ማረጋገጫ ያስፈልግሃል» ብለው መኪናዬን ከነጭነቷ ያዟት።

3. ቁም ሳጥኑ የጎረቤቴ የእትዬ ግዌንሊያን ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ነው፤ እኔም የዚያን ቀን የምሸልተው እዚያው ልጃቸው እርሻ ነበር። በእኛ ሸለቆ ቦታ ያለው መኪና ይዞ ጎረቤትን ማለፍ ነውር ነው፣ ክፍያም አይነሣም። «ኢቮር፣ መቼም ባዶህን አትሄድም» ሲሉኝ እምቢ የምልበት አንደበት ከየት ላምጣ? ቁም ሳጥን ግን በግ እንደማይሸልት አምናለሁ። ለቀልዴም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ቤቴም ቢሆን በቀልዴ የሚስቅልኝ የለም።

4. ሙቀቱ ገብቷል። ጠጉሩ ያልተነሣለት በግ ላይ ዝንብ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ትሉም በቁሙ ይበላዋል። ሸለቆው ሁሉ እኔን እየጠበቀ ነው፤ ማሽኔ ደግሞ እርስዎ ግቢ ቆሟል።

ስለዚህ ነፃ መሆኔ ታውቆ መኪናዬ ከቅዳሜ በፊት እንድትለቀቅልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ጥርጣሬ ካለ፣ ግቢዎ ውስጥ አንድ በግ ልሸልትና ቀጥሎ መኪናዋን ወደኋላ ላስወጣ፤ ዋና ሥራዬ የቱ እንደሆነ አጥርዎ ሳይወድቅ ይፈርዳሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የእትዬ ግዌንሊያን የጸሎት ቤት ልብስ በሙሉ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ትናንት እሑድ የሟች ባለቤታቸውን ካፖርት ለብሰው ነው የዘመሩት። ሲወጡ «ይኼ ቢሮ የሚባለው በየት በኩል ነው?» እያሉ ሰው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። ውሳኔዎ ቢቀድማቸው ለሁላችንም ይሻላል።

ከታላቅ አክብሮትና ካልተሸለቱት በጎች ሰላምታ ጋር፣

ኢቮር ፕሮበርት (ፊርማ)
በግ ሸላች