ቴፒ ላይ የወጣ፣ ጌጫ ላይ የጎደለ

ሰኔ 27 ቀን 1975፣ ሰኞ

ጌጫ ደርሼ ተመለስኩ። ሁለት ኩንታል ማዳበሪያ፣ አንድ የቡና ባለሙያ፣ አንድ በግ... በጉ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከቴፒ ስነሳ ላብ በጀርባዬ ይወርድ ነበር። ጌጫ ስደርስ ጣቶቼ መሪው ላይ በብርድ ደነዘዙ። ያው መኪና፣ ያው ቀን።

የባልቴቷ ማሞቂያ ዛሬም ለስሙ ነው የሚነፋው። ላንድሮቨሯን ባልቴቷ ያልኳት እኔ ነኝ፤ አሁን የቡና ልማት መሥሪያ ቤታችን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራት። ማሞቂያዋ አፍ ላይ እጄን ባስጠጋ የታመመ ሰው ትንፋሽ ነው የሚመስለው። መስታወቱ በጉም ይሸፈናል። በግራ እጄ መሪ፣ በቀኝ እጄ ጨርቅ። ሁለት ዓመት እንዲህ ነዳሁ። የጋራዣችን ኃላፊ ጋሽ ሙሴ ስጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ "የላንድሮቨር ማሞቂያ ለወግ ነው የተሠራው። ሲበርድሽ ደርበሽ ልበሺ።"

ደርቤ እለብሳለሁ። መስታወቱንስ ምን ላልብሰው?

ሰኔ 30

ዝናብ። ቤንዚን የለም ተብሎ ቆምን። ካልሲ ስጥፍ ዋልኩ።

ሐምሌ 4፣ ሰኞ

ሌላ ሰው ሳይጽፈው የሆነውን ልጻፍ።

ከጌጫ ስንመለስ ነው። ከጎኔ የተቀመጠው የአስተዳደር ኃላፊው ጓድ በዛብህ። (በአፌ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን ማን አየኝ።) ጉም ነው፣ ዝናብ ነው። ሁለት ሰው ሲተነፍስ ደግሞ መስታወቱ ይብስበታል። "ቆም ብዬ ልጥረገው፣ ጓድ" አልኩት። "ስብሰባ አለብኝ፣ ንጂ" አለኝ። ነዳሁ። ቀርከሃው ጫካ ጋ ስንደርስ ፊታችን ጭራሽ ነጭ ሆነ። ጨርቁን አንስቼ አንዴ ጠረግኩ። ሁለተኛውን ስጠርግ የቀኙ ጎማ ቦይ ገባ።

ግንባሩ መስታወቱን መታ። ሦስት ስፌት። የመኪናዋ መከላከያ ታጠፈ፣ ሌላ ምንም አልሆነች። ደሙን በነጠላዬ ጠረግኩለት። ክሊኒክ ደርሰን አልጋው ላይ ሲቀመጥ ነው ለጤና ረዳቱ "ተኝታ ነው" ያለው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እየሰማሁ።

ተኝታ...

ሐምሌ 5

ከአስተዳደር ደብዳቤ ደረሰኝ። "በማሽከርከር ላይ ሳለሽ በማንቀላፋትሽ" ይላል። ከዛሬ ጀምሮ ችግኝ ጣቢያ። ሐምሌ 15 በሠራተኛው ፊት ግለ ሂስ አቀርባለሁ። ግለ ሂሱንም ራሱ በዛብህ ጽፎ አያይዞልኛል፤ የኔ ድርሻ ማንበብና መፈረም ነው። ካነበብኩ ደመወዜ እንዳለ ሆኖ ችግኝ ጣቢያ እቀራለሁ። ካላነበብኩ ከሥራ እባረራለሁ። መሪውን እንደሆነ በሁለቱም በኩል አጣዋለሁ።

ጅማ ላይ ከሃያ ስድስት ወንድ ጋር ብቸኛዋ ሴት ሆኜ ተምሬ ያገኘሁት መንጃ ፈቃድ ነው። ደግሞስ ግለ ሂስ የራስ አይደለም እንዴ? የራሴን ጥፋት ሌላ ሰው እንዴት ይጽፍልኛል?

ሐምሌ 6

ፕላስቲክ ውስጥ አፈር ስሞላ ዋልኩ። ከሰባት ዓመት በፊት የጀመርኩት እዚሁ ነው። ጎረቤቴ በየነች አሁንም እዚሁ ናት። የሸኮ ልጅ ናት፣ ነገር አታበዛም።

"አንብቢው። ወረቀት ነው። ጎመን በጤና" አለችኝ።

"አልተኛሁም እኮ፣ በየነች።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ልጆች አሉኝ። እኔ ብሆን አነበዋለሁ።"

እውነቷን ነው። አልፈረድኩባትም። እኔ ግን አላነበውም።

ግን "አልተኛሁም" ብሎ መጮህ ብቻ ምን ይጠቅማል? መስታወቱ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማሳየት አለብኝ። ያ ማሞቂያ ለምንድን ነው የማይሞቀው? ሁለት ዓመት ሳማርር አንድ ቀን ኮፈን ከፍቼ ጠይቄ አላውቅም።

ሐምሌ 8

በምሳ ሰዓት ጋራዥ ሄድኩ። ባልቴቷ ጥግ ላይ ቆማለች። ጋሽ ሙሴ "ነገር አትፈልጊ፣ ልጄ" አሉኝ፤ መፍቻውን ግን አልከለከሉኝም።

ከሞተሩ ወደ ማሞቂያው ሁለት የጎማ ቱቦ ይሄዳል። አንዱ ትኩስ ውሃ ያመጣል፣ አንዱ ይመልሳል። ሞተር አስነስቼ ዳበስኳቸው። የሚመጣው ለብ ያለ ነው፣ የሚመለሰው ቀዝቃዛ። ውሃው አይዞርም ማለት ነው። የውሃ መክፈቻዋ ዝጋ ግማሽ ላይ ተጣብቃ ቀርታለች። ናፍጣ ጠብ አደረግኩባት፣ በፒንሳ ወዲያ ወዲህ አደረግኳት... ለቀቀች።

ተሻለው? ትንሽ።

ሐምሌ 9

ቱቦዎቹን ፈትቼ ማሞቂያውን በውሃ አጠብኩት። የወጣው ዝገትና ቀይ ጭቃ ሦስት ችግኝ ይተክላል። ቀሚሴ አበቃለት። ከዚያ ውስጡ የታሰረውን አየር አስወጣሁ፤ አየር ካለ ውሃ አይዞርም፣ ይሄን ጅማ ተምረናል። አሁን ሁለቱም ቱቦ እኩል ሆነ። እኩል ለብ ያለ።

ሳቄ መጣ። ሁለት ቀን ለፍቼ ያችኑ ለብታ ለሁለት አካፈልኳት።

ሐምሌ 10፣ እሑድ

በየነች "ዘመድ ልጠይቅ" ብላ ወጣች። እሑድ እሑድ የት ሄዳ እንደምትጸልይ አውቃለሁ፣ አልጠይቃትም።

ጋራዥ ብቻዬን ነበርኩ። ሞተሩን አስነስቼ ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ። ዓይኔ የሙቀት ማሳያው ላይ ነበር። መርፌዋ ከታች ብድግ አለችና እዚያው ቀረች። ቆይ... ሞተሩ ራሱስ መቼ ሞቀ? የሌለውን ሙቀት ማሞቂያው ከየት አምጥቶ ይስጠኝ?

ቴርሞስታት። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር ሄዶ እንዳይቀዘቅዝ የምትዘጋው ትንሿ በር። የሲኒ አፍ ብታህል ነው። ሦስት ብሎን ፈታሁ። ክዳኑን አነሳሁ።

ባዶ። ተሰብራ አይደለም። የለችም።

ሐምሌ 11

ጋሽ ሙሴን ጠየቅኳቸው። ሳቁ፣ የኩራት ሳቅ። ከመሣሪያ ሳጥናቸው በላይ ግድግዳው ላይ ሽቦ አለ። ሁሌ አየዋለሁ፣ ልብ ብዬው ግን አላውቅም። ዘጠኝ ቴርሞስታት እንደ በርበሬ ተሰክቶበታል።

"ቴፒ የገባ መኪና መጀመሪያ ይቺን ነው የማወጣለት። በዚህ ሙቀት ሞተር የምታፈላው እሷ ናት። ሾፌሩ ሁሉ ይመርቀኛል።"

"ባልቴቷ ጌጫ ትወጣለች እኮ፣ ጋሽ ሙሴ።"

"ትወጣለች።"

"ጌጫ ይሞቃል?"

"ሃያ ዓመት ሙሉ ሳወጣ..." ብለው ጀመሩና ተዉት። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። የታያቸው ነገር ለኔም ታየኝ።

አሻጥር።

አምና የመጋዘኑን ሰው ቡና ረጥቦ ተገኘበት ብለው፣ አሻጥረኛ ብለው ጅማ ወሰዱት። ሚስቱ እስከ ዛሬ ስንቅ ትልካለች። ስብሰባው ላይ የጋሽ ሙሴን ስም ባነሳ እኔ ነፃ ነኝ። እሳቸውስ? ስልሳ ዓመታቸው ነው። ደግሞ ሰው ሁሉ "ሴት ምን ይነዳል" ሲል ቁልፍ ያስጨበጡኝ እሳቸው ናቸው።

ፈራሁ። ተናደድኩም። ያልተኛሁትን አልተኛሁም ለማለት ሽማግሌ ማሳሰር አለብኝ?

አላደርገውም። ወረቀቱንም አላነብም፣ ስማቸውንም አልጠራም።

ሐምሌ 12

ጋሽ ሙሴ ለባልቴቷ የሚሆኑትን ሦስት ቴርሞስታት ከሽቦው አውርደው እቤቴ ድረስ አመጡልኝ። የትኛዋ እንደምትሠራ የሚታወቀው በፈላ ውሃ ነው። በየነችን ጎደሬ የምትቀቅልበትን ድስት ለመንኳት።

"ብረት ልትቀቅዪበት?"

"አጥቤ እመልሳለሁ።"

"አዲስ ትገዢልኛለሽ እንጂ።"

ይሄን ብላ ድስቱን ራሷ ጣደችው። ሦስታችንም አጎንብሰን አፈጠጥን። ውሃው ሊፈላ ሲል አንደኛዋ ቀስ ብላ አፏን ከፈተች። ሁለቱ ዝግ እንዳሉ ቀሩ። የከፈተችውን ሳወጣት መልሳ ገጠመች። በየነች "ነፍስ አላት እንዴ?" አለች። ጋሽ ሙሴ ደግሞ የቴርሞስታት ሥራ ዛሬ ገና ያዩ ይመስል እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

ሐምሌ 13

ገጠምኳት። ክዳኑ ሥር ውሃ እንዳያፈስ የሚገባውን ጓርኒሲዮን ከካርቶን ቆረጥኩ።

"ቴፒ ላይ ታፈላብሻለች። ያን ጊዜ አሻጥረኛዋ አንቺ ነሽ" አሉ ጋሽ ሙሴ። ልክ ናቸው። ግን ድሮስ ለምን ነበር የምታፈላው? ባትሪ ይዤ የራዲያተሩን ፊት አየሁ። የቡና ገለባ፣ የሣር ፍሬ፣ የደረቀ ጭቃ፣ የሞተ ቢራቢሮ። አየር የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ለካ ሁሉም ቴርሞስታቷን ይኮንናል እንጂ ገለባውን የሚያይ የለም።

ከችግኝ ጣቢያው አስፈቅጄ በስንደዶ ቀዳዳ በቀዳዳ ስጠርግ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሙሴ መጥተው ከጎኔ ቁጢጥ አሉና ከታች በኩል ጀመሩ። አልለመንኳቸውም።

ሐምሌ 15፣ ዓርብ

ስብሰባ። ሰማንያ ሰው ይሆናል። እጅ አውጥተን መፈክር አሰማን። በዛብህ ግንባሩ ላይ ትልቅ ፋሻ አድርጓል፤ ስፌቱ ትናንት እንደወጣለት ጤና ረዳቱ ነግሮኛል።

"ጓዲት ካሰች ግለ ሂሷን ታቀርባለች" አለ።

ተነሳሁ። ወረቀቱን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ መለስኩለት።

"ይሄ የኔ አይደለም። የኔን ልናገር። ማሞቂያዋ የማይሠራ መኪና ሁለት ዓመት ነድቻለሁ። ሾፌር ሆኜ ኮፈን ከፍቼ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ጥፋቴ ይሄ ነው፣ ይጻፍብኝ። ግን አልተኛሁም። መስታወቱ አላሳይ አለኝ፣ ቆሜ ልጥረግ አልኩ፣ ንጂ ተባልኩ።"

በዛብህ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ማሞቂያውን ማን አበላሸው? ስም ጥሪ። አሻጥር ካለ ሰፊው ሠራተኛ ማወቅ አለበት።"

ጋሽ ሙሴ ከኋላ ተቀምጠዋል። ዓይኔ ወደዚያ እንዳይሄድ ያዝኩት።

"ያበላሸ የለም። ለቴፒ ሙቀት የተዘጋጀች መኪና ጌጫ ብርድ ተላከች። የላካት ማን እንደሆነ የጉዞ ማዘዣው ላይ ፊርማው አለ።"

ማዘዣ የሚፈርመው አንድ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አንድ ሰው ሳል ያዘው፣ ሌላው ጎንበስ አለ። በዛብህ ብዕሩን ከጠረጴዛው አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

"አሁን ሠርቻታለሁ። ማክሰኞ ጌጫ ልውሰዳችሁና እዩ። መስታወቱ ከተሸፈነ፣ ወይም ቴፒ ላይ ካፈላች፣ ቁልፉን ራሴ አስረክባለሁ።"

የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ባየ "ይሞከር" አለ። ከኋላም "ይሞከር" አሉ። ወረቀቱ ሳይፈረም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረ።

ሐምሌ 16

ጋሽ ሙሴ በጠዋት ደጄ ላይ።

"ስሜን ብትጠሪው አልክድም ነበር።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልጠራሁት።"

ከዚያ ወደ ጌጫና ወደ ማሻ የሚወጡትን አራት መኪኖች ለይተው የየራሳቸውን ቴርሞስታት እየቀቀሉ መሆኑን ነገሩኝ። በገዛ ድስታቸው።

ሐምሌ 19፣ ማክሰኞ

በዛብህ ራሱ መጣ። ካፖርት፣ ኮፍያ፣ የአንገት ልብስ... ሊበርደው ቆርጦ የመጣ ሰው። ባየ ደብተሩን ይዞ ከኋላ ተቀመጠ።

መርፌዋ ቴፒን ሳንለቅ መሃል ላይ ደርሳ ቆመች። ቀርከሃው ጋ ያው ጉም፣ ያው ዝናብ። መስታወቱ ከታች ጀምሮ ጠራ፣ እስከ ጥጉ ድረስ። ጨርቁን አጣጥፌ በዛብህ እንዲያየው ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ቦዩ ጋ ስንደርስ ቀስ አልኩ። የጎማው ፋና አሁንም አለ።

ጌጫ ላይ ኮፍያውን አወለቀ። ስንመለስ ካፖርቱን። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ዞር ስል አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። ያንኮራፋል። ባየ ከኋላ አፉን በደብተሩ ሸፍኖ "ልቀስቅሰው?" ብሎ በእጁ ጠየቀኝ። ይተኛ አልኩት።

ስምንት ሰዓት ላይ ቴፒ ገባን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መርፌዋ ከመሃል ንቅንቅ አላለችም። ጋሽ ሙሴ ጋራዡ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ እንፋሎት እንደሌለ ሲያዩ ዞረው ገቡ።

ሞተሩን ሳጠፋ በዛብህ ነቃ። "ደረስን?"

"ደርሰናል፣ ጓድ።"

ፊቱን አሻሸ። የባየን ደብተር አየ፣ እኔን አየ። "ዓይኔን ትንሽ ከደን አደረግኩ እንጂ..."

"አውቃለሁ" አልኩት። "አልተኙም።"

ቁልፉን ነቅዬ ዘረጋሁለት። ረጅም ጊዜ አየው። አልተቀበለኝም።

"ነገ በሦስት ሰዓት ሸኮ ትሄጃለሽ" አለና ካፖርቱን ታቅፎ ወረደ።

ሸኮ ገበያ ላይ ለበየነች ድስት እገዛለሁ።